ዝንብ ያልነበረበት ከተማ

የልጅነት ከተማው ዝንብ እንኳ ያልነበረበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥመውኛል። እዚህ ጀርመን፣ ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። በወታደርነት መጥተው፣ ጀርመናዊት አግብተው እዚሁ ቀሩ። የምናወራው በጀርመንኛ ቢሆንም፣ ሽማግሌን በባዶ ስሙ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሽ ቢል» እላቸዋለሁ።

እግራቸውን በቅባት ሳሽ የዚያችን ያደጉባትን ትንሽ ከተማ ወሬ ያመጡታል። ወተት በጠርሙስ ደጅ ላይ ይቀመጣል፣ ላፍ የሚያደርገው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ዘመድ ነው። እኔን ደግሞ ነገሩ ይከነክነኛል፤ ኧረ ለመሆኑ ክፉ ሰው የሌለበት ሰፈር እንዴት ሰፈር ይባላል?

ባለፈው «በራችን ቀንም ሌሊትም ክፍት ነበር» እያሉኝ ደወሉ ጮኸ።

«እንዳትከፍቺ!» አሉኝ።

ከደጅ የልጆች ድምፅ «ኳሳችንን ስጡን!» ይላል። ዞር ብዬ ባይ በረንዳቸው ላይ ሦስት ኳስ ተቀምጧል። ልጆቹም ሰልችቷቸው ሄዱ።

«ጋሽ ቢል፣ እውነት በዚያ ከተማ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም?»

ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንድ ነበር። ጥጉ ላይ የሚኖር ሽማግሌ። ግቢው የገባ ኳስ አይመልስም ነበር።»

«እኛ ሰፈርማ እትዬ ዘነቡ በቢላ ቀደው ነበር የሚወረውሩልን» አልኳቸው።

ወደ በረንዳው ሰረቅ አድርገው አዩ። ከዚያ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «አየሽ፣ እኔ እንኳ አልቀድም» አሉኝ።