ፋሲካ የሌለው ጾም

የእኛ አገር ወንድ በሬው ሲታመምበት የሚያሳየውን ግልጽነት ለራሱ ቢያደርገው ኖሮ፣ ግማሹ በሽታ አፍሮ አገር በለቀቀ ነበር። የበሬውን ነገር፣ የበላውንም የጣለውንም፣ ቡሬ ገበያ ላይ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ይዘረዝራል። የራሱ ገላ ሲሆን ግን፣ በተለይ ያች ስሟ የማይጠራው ስፍራ ስትሆን፣ ምላሱ ይታሰራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን የምንተርተው ለሌላ ሰው ነው።

አበልጄ እንየው ከቡሬ ወጣ ብሎ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት ብርቱ ገበሬ ነው። ታሪኩን ኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሮታልና ሐሜተኛ አትበሉኝ። አንድ ሰሞን ብልቱ ሲቆም ወደ ጎን ይጎብጥ ጀመር። ያመዋል፤ ሲዳስሰው ከቆዳው ሥር ጠጠር ያለ ነገር አለ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጾም ያዘ። ሁዳዴ ነበርና መኝታ መለየቱ ማንንም አልገረመም። ፋሲካ ገባ፣ ዶሮው ተበላ፤ እንየው ግን ከመደቡ ወደ አልጋው አልተመለሰም። «ስእለት አለብኝ» አለ።

እናንተዬ፣ ጎረቤቱ እንዴት እንዳከበረው! «በጸሎትህ አስበኝ» የሚለው በዛ። እሱ ሲከበር ሚስቱ ብርቄ ትከሳለች። «ወይ ሌላ ይዟል፣ ወይ ጠልቶኛል፤ አንዱን ይንገረኝና ልሂድለት» ብላ እፊቴ አለቀሰች። ልብሷን ቋጥራ ሽንዲ ከተማ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነበር። ያን ቀን የምር ፈራሁ።

ከመሄዷ በፊት ግን የነፍስ አባታቸውን መምሬ ውበቱን አስጠራች። እንየው የዘነጋው ይኸን ነበር፤ ባልና ሚስት ከመኝታ የሚጾሙት ተስማምተው ነው እንጂ አንዱ ብቻውን አይሳልም። መምሬ ገና ሳይቀመጡ፣

«ብርቄ ፈቅዳልሃለች?» አሉት።

«አልፈቀደችም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ይኸ ጾም አይደለም። ምን ደብቀህ ነው?»

ገለል ብለው ተናዘዘ። እርግማን መስሎት ነበር። መምሬ ሰምተው ሲያበቁ ስግደት አላዘዙትም። «ንስሐህ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ነው። ኸሚስትህ ጋር ትሄዳለህ፤ በመንገድ ላይ ትነግራታለህ» አሉት።

ነገራት። ብርቄ መኪናው ውስጥ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ «ለዚህ ነው እኔን ያከሳኸኝ?» ብላ ትከሻውን በቡጢ አለችው።

ሐኪሙ መርምሮ አስረዳቸው። እርግማንም ካንሰርም አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ጠባሳ ተጋግሮ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ሰው ልብ ያላለው ትንሽ ጉዳት ነው፤ ጠባሳ የያዘው ጎን እንደ ልብ አይለጠጥምና ይጎብጣል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ እየበረደ ይሄዳል፤ መጉበጡ እስኪረጋም ይጠበቃል። አንዳንዱን መርፌ ወይም መወጠሪያ መሣሪያ ይረዳዋል፤ ግንኙነት ለከለከለው ደግሞ ቀዶ ጥገና አለ። እንየው ክትትሉን ሳያቋርጥ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ባሕር ዳር ተልኮ በቀዶ ጥገና ተቃና። ትንሽ አጥሯል ይላል። ብርቄ ቅሬታ አላሰማችም።

ባለፈው የማኅበራችን ጽዋ ላይ፣ «አንተ የጸሎት ሰው፣ እስኪ መርቀን» ሲሉት እንየው ብድግ አለ።

«የጸሎት ሰው አይደለሁም። ብልቴ ጎብጦ፣ አፍሬ ተደብቄ ነበር። ታክሜ ድኛለሁ።»

እኔ በአበልጄ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ቀና ብዬ ለማየት ግን አልደፈርኩም። በመካከላችን አያ አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የዓለምን ነገር ንቀው ከባለቤታቸው መኝታ ከለዩ ዘመን ያለፋቸው፣ ሁላችንም ጉልበት የምንስማቸው ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «የፍኖተ ሰላም መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሳ?»

ማንም ሳይመልስላቸው ባለቤታቸው ከሴቶቹ በኩል ተነሡ።

«በጠዋት ነው! እኔም እሄዳለሁ!»