ቁልፍ የማይጫነው ሊቀ ሰርቨራት

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ክፍል አለ። ችግር ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ትምህርት ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ ችግሩም ከኋላችሁ ተከትሎ ይወጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናንተ ጋ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን ክቡር ሊቀ ሰርቨራት ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን። በአደባባይ "ተዉ እንጂ፣ ይሄ ነገር ደስ አይልም" ይላል፤ አንድ ቀን ግን ስልክ አንሥቶ "አቤት፣ ሊቁ ነኝ" ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሰርቨር ምን እንደሆነ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እሱ ቢሆን ባጭሩ አይነግራችሁም። እኛ የምናዘጋጀው መጽሔት ነው። የምንጽፈው ጽሑፍ፣ የምናነሣው ፎቶ፣ የምንሠራው ሥዕል ሁሉ ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለን፤ ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን እያጉረመረመ ይኖራል። ሊቀ ሰርቨራትም አብሮት እያጉረመረመ ይውላል። ክፍሏ ሆን ተብላ ስለምትቀዘቅዝ፣ ውጪ ፀሐይ አናት ሲበሳ እሱን የምታገኙት በወፍራም ሹራብ ነው።

የሰውዬው ስክሪን ጥቁር ነው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፤ ነጭ ፊደል ብቻ ይወርድበታል። እሱ ትእዛዙን በኪቦርድ ይጽፋል፣ ሰርቨሩ ይፈጽማል። አዲስ በገባሁ ሰሞን ጠረጴዛውን አይቼ፣ "ማውዝ የለህም እንዴ?" አልኩት።

"አለኝ" አለና መሳቢያውን ከፍቶ አሳየኝ። "ለእንግዳ ነው።"

ሁለት አባባሎች አሉት። አንደኛው "መጀመሪያ እንግባባ" ነው። ይህንን ሲል ወንበር ይስብላችኋል፤ ወንበር ከሳበላችሁ በኋላ የዕለቱ ቀጠሯችሁ ሁሉ ተሰርዟል ማለት ነው። ሁለተኛው "መጫኑንማ ማንም ይጫናል" የሚለው ነው። ይህን የሚለው ደግሞ "የቱን ልጫን?" የሚል ምስኪን ሰው ሲመጣበት ነው።

አንድ ጊዜ ፓስወርዴ ጠፋብኝና ሄድኩ። "አዲስ ስጠኝና ልሂድ፣ ሥራ አለብኝ" አልኩት። ወንበር ሳበልኝ። ሰርቨሩ ፓስወርዴን ራሱን እንደማያስቀምጠው፣ እንደ እህል ፈጭቶ ዱቄቱን ብቻ እንደሚያስቀምጥ፣ ዱቄት ደግሞ ተመልሶ እህል ስለማይሆን ሌባ ቢገባ እንኳ ዱቄት ተሸክሞ እንደሚወጣ አስረዳኝ። ቀጥሎ "ከመፈጨቱ በፊት ጨው ይጨመርበታል" አለኝ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ርቦት የሚቀባጥር መሰለኝ። ለካ ጨው የሚባል ነገር በሙያው ውስጥ የምር አለ፤ ከፓስወርዱ ጋር የሚደባለቅ የዘፈቀደ ፊደል ነው። ስለ ጨው አይነቶች እያብራራልኝ ሳለ፣ ከመሰልቸቴ ብዛት የድሮው ፓስወርዴ ራሱ ትዝ አለኝ።

"አየህ?" አለኝ ደስ ብሎት። "ሲገባህ ይመጣል።"

እኛስ ቢያንስ ማታ ወደ ቤታችን እንገባለን። ባለቤቱ ናት የምታሳዝነኝ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዙ ጊዜ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሳላነብ ማንም እንዳይነካው ብሎ ከለከለ። መመሪያው ደግሞ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ እሱም ትርጉሞቹ ይለያዩ እንደሆነ ማስተያየት ጀመረ። "ማሽኑ ቆሞ እያየኝ በእጄ አጠብኩ" አለችኝ ባለቤቱ። አማቱ ደግሞ አዲስ ስልክ ተገዝቶላቸው እህታቸው ዘንድ መደወል ፈለጉ። "መጀመሪያ እንግባባ፣ እማማ" አላቸው። ድምፅ እንዴት ወደ ሞገድ እንደሚለወጥ፣ ሞገዱም ከየትኛው ማማ ወደየትኛው እንደሚሻገር ይነግራቸው ጀመር። ሞገዱ ገና ሁለተኛው ማማ ላይ ሳለ እህትየው በአውቶቡስ ደረሱ።

ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ ማብራሪያ የሚያሳክካት ሴት ናት። ሥራ ትወዳለች፣ ቶሎ ማለቅ ትወዳለች፣ ዝርዝር ስትሰማ ግን ዓይኗ በር በሩን ያያል። አንድ ቀን በስብሰባ መሃል ፊት ለፊት ተያያዙ።

"እኔ መብራት ስፈልግ ማብሪያውን እጫናለሁ። ግድቡ ድረስ ሄጄ አላውቅም፤ መሄድም አልፈልግም" አለችው።

"ግድቡ ጋ የሚሄድ ሰው ስላለ ነዋ፣ እመቤቴ" አላት።

ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ብዙም ሳትቆይ አንድ የፕሮግራም ሻጭ ጠራች።

ሻጩ ሲመጣ ሽቶው ቀድሞት ገባ። ስሙን የያዘ ሰው የለም፤ ከአፉ በሚወጣው ነገር ምክንያት አቶ ቀላል አልነው። ይዞት የመጣው ፕሮግራም ሰርቨሩን በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ፣ በሚያማምሩ ባለቀለም ቁልፎች ያሳያል። አረንጓዴውን ስትጫኑ ፋይል ይገባል፤ ሰማያዊውን ስትጫኑ ይወጣል፤ መጥረጊያ የተሳለበትን ስትጫኑ ሰርቨሩ ይጸዳል። "ቀላል ነው" ይላል፣ ይጫናል። "ይሄም ቀላል ነው" ይላል፣ ይጫናል። ሥራ አስኪያጃችን ፊቷ በራ። እውነቱን ለመናገር የእኛም በርቶ ነበር፤ ከዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ወንበር ነጻ ልንወጣ ነው።

ሊቀ ሰርቨራት ሹራቡን እንደለበሰ ከኋላ ቆሞ ያያል።

"ይቅርታ፣ መጥረጊያዋ ስትጫን ከጀርባ ምን ይሆናል?" አለ።

"ይጸዳላ፣ ጋሼ።"

"ምኑ?"

"የማያስፈልገው ነዋ!"

"አለማስፈለጉን የወሰነው ማነው?"

"ሲስተሙ" አለ አቶ ቀላል።

ሊቀ ሰርቨራት ወደ እኔ ዞረና "ሲስተሙ!" አለኝ፤ ሰው በቁሙ የሰደበው ይመስል።

ሥራ አስኪያጇ አቋረጠችው። "እሺ፣ ይሄንን ከገዛን የእሱ ሥራ ምን ይሆናል?" ብላ በአገጯ ወደ ሊቁ ጠቆመች። አቶ ቀላል ክርክሩን የረታ መስሎት ፈገግ አለ። "ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግዎትም። ውበቱ እሱ ላይ ነው" አላት። ሊቁ እዚያው ቆሟል። እሷም "የወሩ እትም ማተሚያ ቤት ይግባና እንወስናለን" ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሊቀ ሰርቨራት ማንንም ወንበር ስቦ አላስቀመጠም። ፕሪንተር እምቢ ብሎኝ ብሄድ ዝም ብሎ አስተካከለልኝ። ያኔ ነው የሰውዬው ነገር ማሳሰብ የጀመረኝ።

እትሙ ሊዘጋ በተቃረበበት ረፋድ ላይ ነገሩ ሆነ። ዲዛይነራችን፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከጠዋት ጀምራ የሽፋኑን ገጽ ስትሠራ ቆይታ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጣለች። ሊቀ ሰርቨራት ደግሞ ትእዛዞቹን በቅድሚያ የሚሞክርበት ሌላ መለማመጃ ማሽን አለው፤ በጥንቃቄው የሚመካውም በዚሁ ማሽን ነው። እሱን ሊያጸዳ ፈለገ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቷል፤ በአንዱ መለማመጃው፣ በሌላው ዋናው ሰርቨር። ሁለቱም ጥቁር፣ የሁለቱም ፊደል ነጭ። የማጥፊያውን ትእዛዝ አሳምሮ ጻፈ፤ አንድ ፊደል አልሳተም። የጻፈው ግን ዋናው ላይ ነው።

በአቶ ቀላል ፕሮግራም ቢሆን አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ "እርግጠኛ ነህ?" ትለው ነበር። ጥቁሩ ስክሪን ግን ሰው ያከብራል፤ አንዴ ካዘዙት በኋላ አይጠይቅም። የወሩ እትም ተሰብስቦ የተቀመጠበት ፎልደር እልም አለ።

መጀመሪያ የተሰማው የዲዛይነሯ ጩኸት ነው። ከዚያ በየበሩ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። እኛ ቤት ነገር ሲጠፋ ማን እንዳጠፋው ይታወቃል፦ ሲስተሙ። ያረፈደውን ሰው ሲስተሙ ነው ያስረፈደው። ዓመት ፈቃድ የተደበላለቀው በሲስተሙ ነው። አንዱ ባልደረባችን የልደት ቀኗን የረሳበትን ምክንያት ለባለቤቱ ሲስተም ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ሊቀ ሰርቨራት ፊቱ አመድ መስሎ ከክፍሉ ሲወጣ፣ ሥራ አስኪያጇ ከወዲያኛው ጫፍ ስትመጣ፣ ከኋላዋም ውሳኔውን ሳይጠብቅ ውል ይዞ የመጣው አቶ ቀላል ሲከተላት አየሁ። ጠጋ አልኩና "ሲስተሙ ነው በል" ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት። ማንም አያውቅበትም ነበር። ከእሱ በቀር ያንን ጥቁር ስክሪን የሚያነብ ሰው የለም።

"ምንድነው የሆነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አላት። "የእትሙን ፎልደር አጠፋሁት። መለማመጃው መስሎኝ ነው። እስከ ትናንት ማታ ያለው ቅጂ ባካፕ ላይ ስላለኝ አሁን እመልሰዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት የተሠራው ግን አይመለስም። እሱም የእሷ ሽፋንና የእሱ ዓምድ ነው" አለና ወደ ዲዛይነሯና ወደ እኔ ጠቆመ።

በቃ፣ ይኸው ነው። በዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ባጭሩ ተናገረ። መግቢያ የለው፣ ወንበር የለው። ኮራሁበት። እርግጥ ነው፣ የጠፋው ዓምዴ በእሱ ላይ ያላገጥኩበት ስለነበር፣ አንብቦት ይሆን እንዴ ብዬ ለአፍታ ሳልጠረጥረው አልቀረሁም።

አቶ ቀላል ዕድሉ አላመለጠውም። "አዩት አይደል? በእኛ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም።"

"ቢደርስስ?" አለችው ሥራ አስኪያጇ።

"ቀላል ነው። የድጋፍ ስልክ አለን፣ ይደውላሉ።"

"እሺ ደወልኩ። ምን እንደጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው፣ ምኑ እንደሚመለስ ይነግሩኛል?"

አቶ ቀላል ከረባቱን ነካካ። "እ... ሲስተሙን አይተው..."

ሥራ አስኪያጃችን ሁለቱን ሰዎች ተራ በተራ አየቻቸው። ሹራቡን አየች፣ ከረባቱን አየች። ዲዛይነሯ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። እኔ፣ በሐቅ እናገራለሁ፣ ሰውዬው ሲባረር ማየት እንደማልችል ያወቅሁት እዚያች ኮሪደር ላይ ነው።

"ፕሮግራሙን እገዛለሁ" አለች። "የምጫነው ነገር እፈልጋለሁ፤ ደክሞኛል።" አቶ ቀላል ቦርሳውን መክፈት ጀመረ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ ወደ ሊቁ ዞረች። "አንተ ደግሞ የትም አትሄድም። ነገር ሲበላሽ 'እኔ ነኝ' የሚለኝ ሰው ከየት አመጣለሁ? ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ያ ጥቁር ነገርህ ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቅህ።"

"መጀመሪያ እን..." አለ።

"ተግባብተናል!" አለችና ሄደች።

ከሰዓቱን ሙሉ ዲዛይነሯ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ሽፋኑን እንደገና ስትሠራ ሻይ ያመጣላታል፣ ይቀመጣል፣ ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ እሷው አልቻለችም። "ጋሼ፣ ዝም ሲሉ ያስፈሩኛል። እባክዎ የሆነ ነገር ያስረዱኝ" አለችው። ቀለም ስክሪን ላይና ወረቀት ላይ ለምን እንደሚለያይ ጀመረላት፤ ከነፍሱ ጋር ታረቀ። ሽፋኑ ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አልሆነም። ለማተሚያ ቤቱ ግን ደረሰ።

አሁን ሁላችንም ስክሪን ላይ ባለቀለም ቁልፎች አሉ። ደስ ይላሉ። እንጫናለን። ተጭነን እምቢ ሲለን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ እንሄዳለን፤ እዚያም ወንበር ይሳብልናል።

በቀደም ለት እሱ ክፍል ሆኜ አንድ አሮጌ ፋይል ሊያጠፋ ትእዛዝ ሲጽፍ አየሁት። ጥቁሩ ስክሪን እንደታዘዘው አልፈጸመም፤ ቆመና በነጭ ፊደል ጠየቀው። ጥያቄውን የጻፈው ራሱ ነው፤ ሌላ ማን ይጽፍለታል?

"እርግጠኛ ነህ? ያን ቀንም እርግጠኛ ነበርክ።"

መነጽሩን አወለቀ፣ በሹራቡ ጫፍ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። የትኛው መስኮት ላይ እንዳለ እንደ ፊደል ቆጣሪ በጣቱ እየጠቆመ አነበበ። ከዚያ በኋላ ነው "አዎ" ብሎ የጻፈው።

ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ። ለእሱ ግን እንዳትነግሩብኝ፤ ለምን እንደምትወደኝ ከሥሩ ጀምረህ አስረዳኝ ቢለኝ፣ አላውቀውም።