በሁዳዴ ያዘነው ድመት

ስለ ድመት አላውቅም የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለ ጉንፋን፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ድመት ሁሉም ሰው ባለሙያ ነው። ጅራቱን ከወዘወዘ ተቆጥቷል ይሏችኋል። ዓይኑን ጨፈን ከፈት ካደረገ ወዷችኋል። ጀርባውን ከሰጣችሁ ደግሞ ክርክር ይነሳል፤ ግማሹ ንቋችኋል ይላል፣ ግማሹ አይ፣ አምኗችሁ ነው ይላል። ድመቱ በዚህ ሁሉ መካከል ተኝቷል። ስለ እሱ ከተባለው አንዱንም አላስተባበለም፣ አንዱንም አላረጋገጠም። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ሁላችንም የምንፈልገውን ፊቱ ላይ እናነባለን። እኔም አንብቤአለሁ። ያነበብኩት ምን እንደነበረ ሳልረሳው ልጻፈው።

የኛ ድመት ሻምበል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ታደሰ ነው። ጌጃ ሰፈር እያለን ከአንድ አናጺ ቤት ጣውላ ሥር አግኝቶት በኮቱ ኪስ ይዞት መጣ። ሰፈራችን ፈርሶ እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባም በካርቶን ተጭኖ አብሮን ገባ። ሲራመድ ሰልፍ የሚፈትሽ መኮንን ይመስላል። ጎረቤቶች ከታደሰ ጋር ደረጃ ላይ ሲያገኙት "ሻምበል፣ እንደምን ዋሉ?" ይሉታል፤ አይመልስም። ማዕረጉን የተቀበለው ከልቡ ነው።

እውነቱን ለመናገር ድመቱ የታደሰ ነበር። እኔ አበላዋለሁ፣ ሻምበል ሄዶ የታደሰ ጭን ላይ ይተኛል። ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደጋችሁ ይህን የሥራ ክፍፍል ታውቁታላችሁ።

ታደሰ ከገና በኋላ አረፈ። ታሞ ብዙ አልቆየም። ከዚህ በላይ አላብራራውም፤ ለቅሶ የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልደረሳችሁም የራሳችሁ አላችሁ። ድንኳኑ ከሕንፃው ሥር ተተከለ፣ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሻምበል በዚያ ሰሞን ያደረገውን መናገር ያሳፍረኛል። ወፈረ። እዝን በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነበር። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ጭን ላይ እየተዘዋወረ ይተኛል፣ ነጭ ፀጉሩን ትቶባቸው ይሄዳል። በአርባው ዕለትማ ከሰው ሳህን ላይ ሥጋ ነጥቆ አልጋ ሥር ገባ። ታደሰን አንድ ቀን እንኳ የፈለገው አልመሰለኝም። ተቀየምኩት። ድመትን መቀየም ደግሞ አድካሚ ነው፤ አያስተውልላችሁም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የልደታ ደወል ሲደወል ሻምበል ከተኛበት ተነሣ። ወደ ውጭው በር ሄደና ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ጮኸ። የለመድነው ጩኸቱ አይደለም። ረጅም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው እንደ ጥያቄ የሚንጠለጠል። በሩን በጥፍሩ ቧጠጠው፣ ዞሮ አየኝ፣ እንደገና ጮኸ። በማግስቱም ደወሉ ሲደወል እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ታደሰ በሁዳዴ ደወሉ ሲደወል ሻምበልን አቅፎ ይወጣ ነበር። "ቤት ቁጭ ካልን ረሃብ ያስቆጥረናል፣ እስቲ ፀሐይ ላሙቀው" ይለኛል። ቅዳሴው ሊወጣ ሲል ይመለሳል፣ አብረን ማዕድ እንቀርባለን። እኔ ባዶ ሆዴን ስለዋልኩ እጄ ይቸኩላል። እሱ ግን ቀስ ብሎ እጁን ይታጠባል፣ ቆሞ ይጸልያል፣ ከዚያ ተቀምጦ ሽሮውን በዝግታ ይጎርሳል። መጾም እንዲህ ነው እያልኩ ራሴን እገሥጽ ነበር። እንግዲህ ያ ሰዓት ሲደርስ በር ላይ ተቀምጦ የሚጮህ ድመት ማንን ይጠብቃል? ይህ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?

የተራበ እንዳይመስላችሁ። ምግቡ በረንዳ ላይ ሞልቶለት፣ አንዳንዴም በልቶ ሳይጨርስ ትቶት ነው የሚሄደው።

ሊያጽናኑኝ የመጡ የዕድራችን ሴቶችም አዩት።

"ይኼ እኮ ሰው ነው" አለች አንዷ። "አርባው እስኪወጣ ጠብቆ ነው። ሰው ፊት አላለቅስም ብሎ ይዞት ኖሮ እንጂ።"

"ወንድ ነዋ" አለች ሌላዋ። "የኔው ቢሞትስ ምን ይውጠኛል? ድመት እንኳ የለኝ።"

"አንቺ ራስሽ አልቅሺለታ።"

"እኔማ በየት በኩል? ንፍሮውን ማን ሊቀቅል ነው?"

ከዚያ በኋላ ጠያቂ በዛልኝ። እኔን ሊጠይቁ ይመጡና አንድ ዓይናቸው ሰዓት ላይ ነው። ደወሉ ሲደወል ወሬ ያቆማሉ፣ ሻምበል ይነሣል፣ እነሱም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ያስጠጋሉ። ለባለቤቴ ቀብር ላይ ያላለቀሰች ሴት ለድመቱ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ለእነሱ ወሬ ነው። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነበር። ቀኑን ሙሉ ራሴን ሰብሰብ አድርጌ እውላለሁ። ልብስ አጥባለሁ፣ ምስር እለቅማለሁ፣ ስልክ አነሣለሁ። ደወሉ ሲደወልና ድመቱ በሩን ሲቧጥጥ ግን ሳላስበው ዓይኔ በበሩ እጀታ ላይ ያርፋል። እጀታው እስኪዞር እጠብቃለሁ። አይዞርም። በየቀኑ አዲስ መርዶ ማለት ነው። ምግቡም አልዋጥ አለኝ፤ የጾም ነው እያልኩ ማሳበብ ጀመርኩ።

ልጄ ሰላም ከሰሚት መጥታ አንድ ቀን ይህን አየች።

"እማዬ፣ ይኼ ድመት ሊገድልሽ ነው" አለችኝ። "የባሌ አጎት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የእህል መጋዘን አለው፣ አይጥ አስቸግሮታል። ቅዳሜ መጥቶ ይውሰደው።"

"ሻምበል አይጥ አይቶ አያውቅም" አልኳት።

"ያያላ።"

የአባቷን ድመት ለአይጥ ልትልክብኝ ነው። ግን ደግሞ እውነቷን ነው፤ እንደዚያ ሆኜ ልቀጥል አልችልም። እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ፣ በሩ ላይ መጮሁን እንዲተው ላሠልጥነው አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ግን ደግ ልጅ ናት፣ ስልኬ ላይ ስለ ድመት ማሠልጠን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ጫነችልኝ።

ቪዲዮዎቹን የሚሠሩት ሰዎች ቤታቸው ሰፊ፣ ድመታቸው ቀጭን፣ ትዕግሥታቸው ማለቂያ የሌለው ነው። ትምህርታቸው ግን ቀላል ነው። ድመትን አትምቱ፣ አትጩሁበት፤ ዝም ሲል ወዲያው የሚወደውን ነገር ስጡት። ድመት የሚደግመው ያገኘበትን ነገር ነው ይላሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሰምቼ አለፍኳት። ለዕውቀት ቁጭ ያለ ሰው ሁሉ ዋናውን ሲናገሩ ሻይ ሊያፈላ ይነሣል።

ችግሩ የሚወደው ነገር ላይ መጣ። ከሜክሲኮ ሱፐርማርኬት የምገዛለት ደረቅ ምግብ ዶሮ አለበት። እኔ ቤት ሁዳዴ ሲገባ የፍስክ ዕቃ ከጾም ዕቃ አይነካካም፤ ስለዚህ ምግቡም ሳህኑም ማንኪያውም በረንዳ ላይ ናቸው። አሠልጣኟ "ወዲያው ስጡት" ትላለች። ሻምበል በሩ ላይ ለአፍታ ዝም ሲል እኔ ወደ በረንዳ እሮጣለሁ፣ ከከረጢቱ እቆነጥራለሁ፣ ስመለስ እየጮኸ አገኘዋለሁ፣ እጄን ልታጠብ እሄዳለሁ። ሽልማቱን የሚያገኘው ለጩኸቱ ይሁን ለዝምታው እሱም እኔም አላወቅንም። በሽንብራ ቆሎ ልሞክር አልኩ። አንዷን ፍሬ አሸተታት፣ በመዳፉ ገፋ አደረጋትና ቀና ብሎ አየኝ። ደሞዙ የተቆረጠበት ሰው ሒሳብ ሹሙን እንዲያ ነው የሚያየው።

ክርም ጎተትኩለት፣ ሬዲዮም ከፈትኩለት፣ ከበሩ ፊት ወንበርም ደረደርኩ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ጮኸ። ከፍ ስላለ ድምፁም ጠራ።

ዓርብ ደረሰ። ሌላ ዘዴ ስላልነበረኝ ታደሰ ያደርግ የነበረውን ላድርግ ብዬ አሰብኩ። አቅፌው ወደ ግቢው ልውረድ፣ የለመደውን ፀሐይ ይሙቅ፣ ታደሰ እዚያ አለመኖሩን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ። ሰው ቀብር ቆሞ የሚያየው ለዚህ አይደል? ደወሉ ሲደወል ነጠላዬን ደርቤ፣ ሻምበልን አቅፌ ወጣሁ። ጸጥ አለ። ወደ ታች የሚወስደውን ደረጃ ስረግጥ ግን ከእቅፌ ዘሎ ወረደና ሮጠ።

ወደ ላይ።

ጉልበቴን ይዤ ተከተልኩት። በየፎቁ መታጠፊያ ቆም ብሎ ያየኛል፣ ስደርስበት ይቀጥላል። መጨረሻው ፎቅ ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ የሚሰማበት በር ጋ ደረሰና በጥፍሩ ቧጠጠ። መኪናው ቆመ።

"መጣህ ሻምበል?" አለ የሴት ድምፅ ከውስጥ። "ዘንድሮ ጠፋህብኝ እኮ።"

በሩ ተከፈተ። ዘይነባ ናት። መጋረጃ እየሰፋች ልጆቿን የምታሳድግ የስልጤ ሴት ናት፤ በለቅሶዬ ሰሞን ወንበር ስታመላልስና ውኃ ስትቀዳ ከርማለች። እኔን ስታይ ሻሿን አስተካከለች። መስተካከል የሚፈልግ ሻሽ ግን አልነበረም።

"እትዬ አልማዝ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሻምበል በእግሮቿ መካከል አልፎ ገባና ከስፌት መኪናው ጎን ተቀመጠ። ባለቤት ነው የሚመስለው።

"ታውቂዋለሽ እንዴ?" አልኳት።

"በሁዳዴ በሁዳዴ ይመጣል።"

"ከማን ጋር?"

ዘይነባ መልስ ፍለጋ ሻምበልን አየችው። ሻምበል እንደ ልማዱ አልተባበረም።

"ከጋሽ ታደሰ ጋር ነዋ። አደራ ብለውኝ ነበር፣ የሞተ ሰው አደራ ደግሞ ... ይግቡ እስቲ፣ በር ላይ አይሆንም።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። የተቆራረጠ መጋረጃ እያጣጠፈች፣ እኔን ሳይሆን ጨርቁን እያየች ነገረችኝ።

"ጨጓራቸው ነው። ሐኪሙ ኪኒኑን በባዶ ሆድ እንዳይውጡ ከልክሏቸዋል። ሌላውን ጾም እንደምንም ይችሉታል፣ ሁዳዴ ግን ረዘመባቸው። እዚህ ይመጡና አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣሉ፣ ኪኒናቸውን ይውጣሉ። ለሻምበልም በሳህን ይቀዳለታል፣ እንዳያሳጣቸው። ከዚያ ተጉመጥምጠው ይወርዳሉ።"

"ፀሐይ ሊያሞቀው አልነበረም?"

"ይቺ መስኮት ፀሐይ ትገባባታለች" አለች ዘይነባ፣ ልትረዳው ፈልጋ።

"የንስሐ አባታችንስ ያውቃሉ?"

"ፈቅደውላቸዋል። እሱን አስቀድመው ነው የጨረሱት።"

የንስሐ አባታችን አንድ ናቸው። ቤታችን ሲመጡ የታደሰን ጾም እያነሣሁ ሳመሰግን፣ ጢማቸውን እየዳበሱ በጸጥታ ይሰሙኝ ነበር። አልፈርድባቸውም፣ ሥራቸው ነው።

"ከኔ መደበቁ ለምን ሆነ ታዲያ?"

"እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። 'ብነግራት አትቆጣም' አሉኝ፣ 'ግን ብቻዋን ትጾማለች። አሁን ሁለት ነን ብላ ነው የምትበረታው' አሉ።" ጨርቁን አስቀመጠች። "አምና ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ገጥሞ እኔም ጾሜን ነበርኩ። ወተቱን ስቀዳላቸው 'ወይ ዘይነባ፣ አንቺም ጾመኛ፣ እሷም ጾመኛ፣ እኔና ሻምበል መሀል ላይ ጉድ ሆንን' ብለው ሳቁ።"

ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ዘገየ። ታደሰ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የሚነግሩኝ ሁሉ የማውቀውን ነበር፤ ደግ ነበር፣ ቁም ነገረኛ ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር። ሰው ሲሞት ከሁሉ የሚከፋው አዲስ ነገር ማድረጉን ማቆሙ ነው። ከዚህ በኋላ ሊያስገርማችሁ አይችልም። ይኸው ግን ዘይነባ ቤት ተቀምጬ ታደሰ አንድ የማላውቀውን ነገር ሲያደርግ አየሁት። ወተቱን ጠጥቶ፣ ጢሙን ጠርጎ፣ እኔ ፊት የተራበ ሰው መስሎ ለመቅረብ ደረጃውን ሲወርድ። ለካ ያ ሁሉ እርጋታ ጥጋብ ኖሯል። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁም ጋር ሌላው መጣ፤ ዘይነባ የመጋረጃ ቁራጭ አቀበለችኝ።

ሻምበልንም ያን ጊዜ በትክክል አነበብኩት። አላዘነም። ደወል ሲሰማ ወተት እንደሚመጣ የለመደ ድመት ነው፤ ታደሰ ሳያስበው አሠልጥኖታል፣ ያውም ያለ ቪዲዮ። የዕድር ሴቶች ይህን ቢሰሙ ቅር ይላቸዋል። በሩ ላይ ታደሰን የሚጠብቅ ማንም አልነበረም፣ ከእኔ በቀር።

ስልኬ ጠራ። ሰላም ናት።

"ሰውየው ነገ በስንት ሰዓት ይምጣ?"

"አይምጣ" አልኳት።

"ጩኸቱን ተወ እንዴ?"

"በሩን ስከፍትለት ተወ።"

ተጨማሪ ልትጠይቅ ስትል ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ምን ያህሉን እንደምነግራት ገና አልወሰንኩም፤ በዚህ ቤት አደራ መጠበቅ የተለመደ ነው።

ዘይነባ ከወጥ ቤት ተመለሰች። ለሻምበል በሳህን ቀዳችለት፣ እሱም ሳያመሰግን ጀመረ። ከዚያ ብርጭቆ ሞልታ እኔ ፊት አስቀመጠች።

"በጣም ከስተዋል፣ እትዬ አልማዝ። ከለቅሶው ወዲህ እህል የቀመሱ አይመስሉም።"

"ሁዳዴ እኮ ነው፣ ዘይነባ።"

"እሳቸውም የመጀመሪያ ቀን እንደዚሁ ነው ያሉኝ" አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።