የማይሞላው ጣሳ

አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ መጋቢት ማለት ጭቃ ማለት ነው። የፖስታ መኪና ሳይቀር የሚሰምጥበት ሰሞን ነው። የሜፕል ዛፍ የሚበሱ ገበሬዎች ግን ጭቃውን አይረግሙትም፤ ተቀቅሎ ሽሮፕ የሚሆነው የዛፉ ጣፋጭ ውሃ የሚወርደው በእነዚህ አምስት ሳምንታት ብቻ ነውና። የአገሩ ሰው ወቅቱን "ስኳር" ይለዋል። "ስኳር ገባ" ከተባለ ገበሬውን ለሠርግም ለለቅሶም አትጠብቁት።

(ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የዱዌን ጋራዥ። አንዲት ቀይ ባለ ቱርቦ መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። መኪናዋ የዱዌን አይደለችም፤ የሚስቱ የሮዌና ናት። ዱዌን ከወገቡ በላይ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። በሥራው የኢንሹራንስ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ሞተር የተማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው። "ፕሮፌሰር" ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው። ባልዲውን እግሩ ሥር አስቀምጦ አጠገቡ የቆመው ባለ ላስቲክ ቦቲው ክላይድ የሮዌና ወንድም ነው፤ ባለ ዘጠኝ መቶ ዛፍ ገበሬ። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የሚለው ዱዌን ነው።)

ዱዌን፦ (ሞተሩ ላይ የተገጠመች የብረት ዕቃ ይዞ) ጣሳ አይባልም አልኩህ!

ክላይድ፦ ታዲያ ምን ይባላል?

ዱዌን፦ የዘይት ትነት መለያ ሲስተም።

ክላይድ፦ ክዳን አለው?

ዱዌን፦ አለው።

ክላይድ፦ ውስጡ ነገር ይጠራቀማል?

ዱዌን፦ ይጠራቀማል!

ክላይድ፦ ጣሳ ነው።

ዱዌን፦ (ቀና ሲል ኮፈኑ ጭንቅላቱን ይለዋል) ኡፍፍ! አንተ ሰውዬ፣ ከዛፍ ጋር ስትውል አንተም እንጨት ሆንክ እኮ! መቶ አርባ ዶላር የሚያወጣ ጣሳ አይተህ ታውቃለህ?

ክላይድ፦ አላውቅም። የኔ ባልዲ ስድስት ዶላር ነው። እሱም ክዳን አለው።

ዱዌን፦ ባልዲህን ተወውና ካቻቢቴውን አቀብለኝ! ግማሽ ሰዓት ነው ያለን፤ ሮዌና ለብሳ ልትወጣ ነው።

ክላይድ፦ (ፒንሳ ያቀብለዋል) ወዴት?

ዱዌን፦ ይሄ ፒንሳ ነው! መኪናዋን ልታሳይ ነዋ። ሳምንቱን ሙሉ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ስትተፋ ነው የሰነበተችው። ለአራት ሰዓት ተኩል ከሸጡልን ሰዎች ጋራዥ ቀጠሮ አላት።

ክላይድ፦ ጥሩ ነዋ። ዋስትናዋ አላለቀም፤ በነጻ ይሠሩላታል።

ዱዌን፦ ዋስትናው የሚሠራው መኪናዋ ፋብሪካ እንደሠራት ከሆነች ነው! እኔ ይቺን መግጠሜን ካዩ "እጃችሁን አስገብታችኋል፤ በሉ እንግዲህ ቻሉት" ነው የሚሉን።

ክላይድ፦ ለሮዌና አስቀድመህ ንገራታ።

ዱዌን፦ ለሮዌና! ሮዌና መች ታውቅና! በመከር እናታችሁ ዘንድ የሰነበተች ጊዜ ነው የገጠምኳት። የልብስ ማጠቢያዋን "ላሻሽልሽ" ብዬ ካቃጠልኩባት ወዲህ ምን ብላ እንደማለች ረሳኸው?

ክላይድ፦ አልረሳሁም። "ሁለተኛ አንዲት ብሎኔን ብትነካ ጋራዡን የዶሮ ቤት አደርገዋለሁ" ነው ያለችው። ምሳ ላይ ነበር። ድንች ነበር የበላነው።

ዱዌን፦ ስልሳ ጫጩት ከመፈልፈያው በፖስታ አዛለች እኮ! ስልሳ! የት ልታኖራቸው እንዳሰበች ግን ትንፍሽ አላለችም። (ግድግዳውን በስስት ያያል፤ መፍቻዎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው ተሰቅለዋል) ይሄ ጋራዥ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ?

ክላይድ፦ ቤቱ።

ዱዌን፦ ቤቱማ የሷ ነው!

(ክላይድ ይሄን ያስብበታል። ካሰበ በኋላ ካቻቢቴውን ያቀብላል።)

ክላይድ፦ እሺ፤ ይሄ ጣ... ይሄ ሲስተም ሥራው ምንድነው?

ዱዌን፦ (ጊዜ የለውም፤ ለማስተማር ግን ጊዜ አጥቶ አያውቅም) ስማኝ። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ትንፋሹ ዘይት አለበት። ፋብሪካው ያንን ትንፋሽ በቱቦ መልሶ ለሞተሩ ያጠጣዋል። ቱርቦ ሲኖር ደግሞ ይብሳል፤ አየሩን በግድ ስለሚያጭቀው ሞተሩ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ዘይቱ ገብቶ ቫልቩ ላይ እንደ ድስት ጥላሸት ይጋገራል። እኔ መሀል ላይ ይቺን አስገባሁ። ትንፋሹ ያልፋል፤ ዘይቱ እዚች ውስጥ ይቀራል። ገባህ?

ክላይድ፦ ይቀራል?

ዱዌን፦ ይቀራል።

ክላይድ፦ ከዚያስ?

ዱዌን፦ ከዚያስ ምን?

ክላይድ፦ ከቀረ በኋላ።

ዱዌን፦ በቃ ቀረ! ምን እንዲሆንልህ ነው የፈለግከው፣ ሚስት እንዲያገባ?

ክላይድ፦ አይ፣ ሲሞላ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ዱዌን፦ (ከት ብሎ ይስቃል) ይኸውልህ! ያልተማረ ሰው ጥያቄ ይሄ ነው። የኔ አይሞላም።

ክላይድ፦ አይሞላም?

ዱዌን፦ የሌላው ሰው ይሞላል። የኔ አገጣጠም ግን ልዩ ነው። በታኅሣሥ ከፍቼ አየሁት፤ ባዶ! በጥር ከፈትኩት፤ ባዶ ብቻ አይደለም፣ የተወለወለ! በየካቲት ነጭ መሐረብ አስገብቼ ጠረግኩት፤ መሐረቡ እንደነጣ ወጣ።

ክላይድ፦ (ራሱን ያካል) ዘይት እንዲይዝ ገጥመኸው፣ ዘይት ካልያዘ...

ዱዌን፦ ሞተሩ ጸድቷል ማለት ነው! መሐረቡን እያሳየሁ ቪዲዮ ለቀቅኩ። "በፕሮፌሰር ዱዌን ዘዴ የተገጠመ መቼም አይደፋም!" ሦስት መቶ ሰው እንደኔ ገጠመ። ሦስት መቶ! ከቴክሳስ እስከ ካናዳ፣ እስከ ማኒቶባ!

ክላይድ፦ ሦስት መቶ ጣሳ።

ዱዌን፦ ሲስተም!

(ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንጫጫል። ዱዌን አያነሳውም።)

ክላይድ፦ ስልክህ።

ዱዌን፦ ተወው፣ ተማሪዎቼ ናቸው። ሰሞኑን "ፕሮፌሰር፣ መኪናዬ ጨሰ" እያሉ ነዝንዘው ሊገሉኝ ነው።

ክላይድ፦ የነሱም?

ዱዌን፦ "አላዋቂ ሲገጥመው ይጨሳል" ብዬ መልሼላቸዋለሁ።

ክላይድ፦ ያንተስ ለምን ጨሰ?

ዱዌን፦ የኔ... የፋብሪካ ስህተት ነው። በል ወሬውን ትተህ ዋናውን ቱቦ ፈልግልኝ፤ መኪናዋ ይዛው የመጣችውን፣ ጥቁሩን። ይቺን ፈትቼ እሱን ከመለስኩ ያበቃል። እንኳን ሮዌና ሰይጣንም አያውቅ።

ክላይድ፦ በመከር የፈታኸውን?

ዱዌን፦ እሱን!

ክላይድ፦ እሱንማ ለኔ ሰጥተኸኛል። "ይሄን ቆሻሻ ወስደህ ጣልልኝ፤ ፋብሪካ ስለ ሞተር ምን ያውቃል" ብለህ።

ዱዌን፦ (ፊቱ አመድ ይመስላል) ጣልከው?

ክላይድ፦ አበድክ እንዴ? ደህና ቱቦ ይጣላል?

ዱዌን፦ ተመስገን! ዕድሜ ይስጥህ! የት ነው ያለው?

ክላይድ፦ የዛፉን ውሃ የሚስበው ፓምፔ ላይ። ልክክ ነው ያለው።

ዱዌን፦ ሂድና ፍታው! አሁኑኑ!

ክላይድ፦ ዛሬ? ማታ ውርጭ ነበር፣ አሁን ደግሞ ፀሐይ ወጣች። ዛሬ ነው ውሃው የሚወርደው። ዓመቱን ሙሉ የምበላው ከዚህች አምስት ሳምንት ነው፣ ዱዌን። ደግሞ በዚህ ጭቃ ደርሶ መልስ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

(ዱዌን አንዲት ትርፍ የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ ከእጁ ታመልጠውና ሞተሩ ሆድ ውስጥ ትገባለች። ሁለቱም ድምፅዋን እስከ ታች ይከተላሉ።)

ክላይድ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዱዌን፦ ተረትህን ያዝልኝ! እሺ፣ ሌላ መላ። ገብተህ ሮዌናን አዘግይልኝ። ወሬ ጀምርላት።

ክላይድ፦ ምን ልበላት?

ዱዌን፦ የመጣልህን! እህትህ አይደለች? እስቲ እንለማመድ። እኔ ሮዌና ነኝ። (እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ድምፁን ያቀጥናል) "ክላይድ፣ ዱዌን የት ነው?"

ክላይድ፦ መኪናሽን እየፈታ ነው።

ዱዌን፦ አይደለም!

ክላይድ፦ አይደለም እንዴ?

ዱዌን፦ ነው! ግን አይነገራትም! እንደገና። "ዱዌን የት ነው?"

ክላይድ፦ አላየሁትም።

ዱዌን፦ ጎበዝ! "እጅህ ላይ ያለው ፒንሳ የማነው?"

ክላይድ፦ የዱዌን።

ዱዌን፦ "እና የት አገኘኸው?"

ክላይድ፦ መኪናሽን ሲፈታ ካቻቢቴ አቀብለኝ ብሎኝ ተሳስቼ ያነሳሁት ነው።

ዱዌን፦ ወይኔ ጉዴ!

ክላይድ፦ አንተ እኮ ነህ የጠየቅከኝ። ሮዌና ይሄን ያህል አትጠይቅም።

(ዱዌን የተገለበጠ ሳጥን ላይ ዘፍ ይላል። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ እንደሚሰናበታቸው ነው።)

ዱዌን፦ አለቀልኝ። ዶሮዎቹ መፍቻዎቼ ላይ ተኮልኩለው ታዩኝ። አየህ ክላይድ፣ ቢሮ ስናገር ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ቤት ውስጥ ሁሌም ልክ የምትሆነው ሮዌና ናት። አንድ ነገር አውቃለሁ የምልበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው።

(ክላይድ ማጽናናት አይችልበትም። ሰው ሲያዝን ካየ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ወደ ሞተሩ ጠጋ ይልና ጣሳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ጠዋት ጠዋት ባልዲዎቹን እንደሚያደርገው። ድምፁ ድፍን ነው።)

ክላይድ፦ ሞልቷል እኮ።

ዱዌን፦ አይሞላም አልኩህ!

ክላይድ፦ ሦስት ሳምንት ሆነዋ።

ዱዌን፦ ከምን ሦስት ሳምንት?

(ክላይድ ከእጁ የማይለየውን ባልዲ ከሥር ይደቅንና ጎንበስ ብሎ የጣሳውን ታችኛ ክዳን ያዞራል። ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ዝልግልግ ነገር ዷ ብሎ ይወርዳል። ሽታው ዱዌንን ያስነጥሰዋል።)

ክላይድ፦ ከደፋሁት።

ዱዌን፦ ከ... ምን?

ክላይድ፦ ከደፋሁት። እሁድ እሁድ ለምሳ ስመጣ እደፋው የለ? አንተ በልተህ ሶፋው ላይ ስታንኮራፋ። በብርዱ ጊዜ ግማሹ ውሃ ነበር፤ ውስጡ በረዶ ሠርቶ ትንፋሹን እንዳይዘጋው ብዬ ወልውዬ ነበር የምመልሰው። ስኳር ከገባ ወዲህ ግን ጊዜ አጣሁ። ሦስት እሁድ ቀረሁ።

ዱዌን፦ (ቀስ ብሎ ይነሳል) ወልውለህ?

ክላይድ፦ በእጅጌዬ።

ዱዌን፦ ብርዱን ሙሉ?

ክላይድ፦ አሥራ ስምንት እሁድ ይሆናል። አንዷን በገና ምክንያት ዘልያታለሁ።

ዱዌን፦ ማን ድፋ አለህ?

ክላይድ፦ ማንም። ባልዲ ሲሞላ ይደፋል።

ዱዌን፦ ለምን አልነገርከኝም!

ክላይድ፦ ታውቃለህ ብዬ ነዋ! ጣሳ ገጥሞ የማይደፋ ሰው ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? ፕሮፌሰር ደግሞ።

(ክላይድ ክዳኑን ይመልስና ገብቶ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ አንዴ ይስላል፤ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ደግሞ ይስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ጭሱ እየሳሳ ይጠፋል። ሞተሩ ያለ አንዳች ችግር መሥራቱን ይቀጥላል።)

ዱዌን፦ ጠፋ! ጭሱ ጠፋ! ሞልቶ ሲፈስ ነው ለካ ሞተሩ የጠጣው! ቱርቦው ደህና ነው! ክላይድዬ፣ አማቼ፣ የኔ ጌታ! በል ስማ፤ ሮዌና ስትመጣ "ዱዌን ጠገነው" ትላታለህ። ሌላ አንዲት ቃል እንዳይወጣህ!

ሮዌና፦ (ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ) ምኑን ነው የጠገነው?

ክላይድ፦ (በተለማመደው መሠረት) ዱዌንን አላየሁትም።

ዱዌን፦ (ሞተሩ ላይ ካጎነበሰበት ቀና ሲል ኮፈኑ ዳግም ይመታዋል) ሮዌናዬ! መኪናሽ ዳነች!

ሮዌና፦ ሰምቻለሁ። ወንድሜ እሁድ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዞ ጋራዥ ምን ይሠራል እል ነበር፤ ዛሬ ገባኝ። ቀጠሮውን እሰርዘዋለሁ።

ዱዌን፦ ተመስገን! ጋራዡስ? ሮዌናዬ፣ በሞትኩት፣ ሁለተኛ አይለምደኝም...

ሮዌና፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ጫጩቶቹ ሐሙስ ይደርሳሉ። (ግድግዳውን ከመፍቻ እስከ መፍቻ በእርምጃ ትለካለች) እዚህ ይሞቃቸዋል። የመጠጥ ጣሳቸውን ጠዋት ጠዋት የምትደፋውም የምትሞላውም አንተ ነህ።

ዱዌን፦ (ድምፁ ቀጥኗል) የውሃ ማጠራቀሚያ ሲስ...

ሮዌና፦ ጣሳ!

ዱዌን፦ ጣሳ።

(ሮዌና ትወጣለች። ዱዌን ግራ እጁ አናቱን፣ ቀኝ እጁ ከትልቁ መፍቻ ጎን ያለውን ግድግዳ እንደያዘ ስልኩ እንደገና ይንጫጫል። ያወጣዋል። ያነባል። ያነበበውን ደግሞ ያነባል። ቴክሳስ ጨሷል። ማኒቶባ ጨሷል።)

ዱዌን፦ ክላይድ... ሰዎቹ። ሦስት መቶዎቹ። መቼም አይደፋም ብያቸዋለሁ እኮ። ማናቸውም አልደፉትም። ምን ይሻለኛል?

ክላይድ፦ (ረጅም ጊዜ ያስባል። በእውነት ያስባል፤ በከንፈሩም ይቆጥራል። በመጨረሻ ባልዲውን አንስቶ እያዘነ ራሱን ይነቀንቃል) ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዱዌን። ሦስት መቶ ቤት እሁድ እሁድ አልደርስም። ስኳር ገብቷል።