ሀ ሹል፣ ሐ ክብ

«ሀ ስንት ናት?» ተብለው በተጠየቁ ቀን ወይዘሮ ረይሃና ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏቸው ወደ ኋላ ዞሩ። ጠያቂዋ የጎልማሶች ፊደል መምህርት አስቻለች ነበረች። ረይሃና አንድ እንዳይሉ ጥያቄው ወጥመድ መሰላቸው፤ ሁለት እንዳይሉ ሁለተኛዋን አያውቋትም፤ ስለዚህ የጫማቸውን ጫፍ እያዩ ሰዓቱ አለቀላቸው።

ከዚያም በኋላ፣ በአውራ ጣት መፈረምን በተዉ በስምንተኛው ወር፣ በዘመነ እድሳት፣ አሮጌው ማብሰያ ቤት በፈረሰ በአርባ አንደኛው ቀን፣ እመ ያሕያ ወእመ ሀያም፣ የጉለሌዋ ረይሃና፣ የፈላ ውሃ ጠላት፣ የክፍት መስኮት ዘጊ፣ ልጅ ጓሮ ሲያስነጥስ ሳሎን ሆነው «ይርሐምከላህ» የሚሉ፣ ለአዲሱ ማብሰያ ቤት የግራናይት ጠርዝ ሊመርጡ ወደ ቀጨኔ ዘመቱ።

ተከታዮቻቸውም እነዚህ ነበሩ፤ በቀኝ እትዬ ሙኒያ፣ የባለቤታቸው ታላቅ እኅት፣ ለሦስት ቀን ጥየቃ መጥተው አምስተኛ ሳምንታቸውን የያዙ፤ በግራ የሰባት ዓመቷ ሀያም፣ የሜትሩ ተሸካሚ፤ በፊት የሦስት ዓመቱ ያሕያ፣ ወደ የትኛውም ቤት እየሮጠ እንጂ እየተራመደ ገብቶ የማያውቅ፣ ግንባሩም ልክ ከማብሰያ ቤት ጠርዝ ጋር ትክክል የሆነ። የዘመቻው ምክንያት ይህ ግንባር ነው።

ሊቀ ድንጋይ ዱጉማ አራት ናሙናዎችን በሳንቃ ላይ ደርድሮ፣ በያንዳንዳቸው ሥር ፊደል ጽፎ ነበር። ሀ ጥግዋ እንደ ቢላ የቆመ ነበረች፤ ለ ጫፏ በሰያፍ የተላጨ፤ ሐ እንደ ድፎ ዳቦ የከበበች፤ መ እንደ ማዕበል ወጣ ገባ የምትል። እትዬ ሙኒያም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሹል የዘመኑ ነው! ክብ የጤና ጣቢያ አግዳሚ ይመስላል፤ እንግዳ መጥቶ መርፌ ስንት ሰዓት ነው ይለናል!»

ወይዘሮ ረይሃና ግን ሻሻቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ በድንጋይ አቧራ ላይ ተንበርክከው እስከ ያሕያ ቁመት ወረዱና ግንባራቸውን ከሀ ጋር አጋጩ፤ ኮከብ አዩ። ከለ ጋር አጋጩ፤ ያነሰ ኮከብ አዩ። ከመ ጋር አጋጩ፤ ማዕበሉ ሁለት ቦታ መታቸው። ከሐ ጋር አጋጩ፤ ምንም አላዩም፤ ስላላመኑም ደግመው አጋጩ፤ ሠልሰውም አጋጩ፤ ድንጋይ ቆራጮቹም ማሽናቸውን አጥፍተው ቆሙላቸው። ዱጉማም ምርጫውን ከልኬት በኋላ በስልክ እንደሚያረጋግጥ ነግሮ በክብር ሸኛቸው።

በአራተኛው ቀን ስልክ ጮኸ። የረይሃና እጅ ሊጥ ውስጥ ነበርና እትዬ ሙኒያ አነሡት። ረይሃና ከበረንዳ ሆነው ሐ እንዲባልላቸው አወጁ፤ ሙኒያ ሀ ብለው አስተላለፉ፤ ዱጉማ ሀ ብሎ ጻፈ። ማን በልቡ ምን እንዳሰበ ዜና ጸሓፊው አይመረምርም፤ ሁለቱ ለጆሮ አንድ ናቸውና።

ድንጋዩም በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ በአራት ሰው ሸክም ገባ፤ በካቢኔው ላይ ነገሠ፤ ጠርዙም ሹል ነበረ። እትዬ ሙኒያ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ቀጥለውም አወጁ፦ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ስል የከረምሁት እኔ ዛሬ አፌን ይዣለሁ! ይህን ጠርዝ የሚነካ ቢኖር ግን፣ ወላሂ፣ ሻንጣዬን ይዤ ዛሬውኑ እወጣለሁ!»

ለመሐላቸውም ማስረጃ ሻንጣቸውን አምጥተው ከካቢኔው ሥር አኖሩት። የባል እኅት አባረረች መባል ቀላል አይደለም፤ ሰፈሩ ለዓመት ይበላበታል። ረይሃና ይህን ሲያስቡ ግን ከግቢው የትንሽ እግር ሩጫ ተሰማ። ደጃፉ ላይ ያሕያን በአየር ቀለቡት፤ በብብታቸው እንደ ያዙትም፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የትእዛዙን ወረቀት አምጡ አሉ።

አነበቡም። በወረቀቱ ላይ እንደ ስኒ አፏን ወደ ላይ የከፈተች ሀ ተቀምጣለች። እርሳቸው የመረጧት ግን እንደ ጉልቻ በሦስት እግሯ የቆመችው ነበረች። ከድንጋዩ ጋር የመጣው ዱጉማም በጉዳዩ ላይ ቃሉን ሰጠ፦ «ሀ ያው ሀ ነው! ሃያ ዓመት ስቆርጥ ድንጋይ ፊደል ሲለይ አላየሁም!»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ረይሃና ማርከሩን ከዱጉማ ኪስ መዝዘው፣ በጥቁሩ ግራናይት ላይ ሳይሆን፣ ነውር ነውና፣ በነጩ ግድግዳ ላይ የልጆቻቸውን ስም ጻፉ፦ ሀያም፣ ያሕያ። በሀ እና በሕ ላይም ጣታቸውን አኖሩ። አወጁም፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ይህች የሀያም ሀ ናት፤ ሀሌታዋ። ይህች የያሕያ ሐ ናት፤ ሐመሯ። ያዘዝሁት የያሕያን ነው፤ ግንባሩም የእርሱ ነው። ጠርዙ ይክበብ፤ የሚሄድ ይሂድ!»

ዱጉማ ግድግዳውን አየ፤ ወረቀቱን አየ፤ በሳንቃው ላይ ሁለቱንም የጻፈው ራሱ መሆኑን አስታወሰ፤ ግራይንደሩንም ሰካ። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ቤቱ በነጭ አቧራ ተሸፈነ፤ የሀያም ቅንድብ ሸበተ፤ ጠርዙም ድፎ ሆነ።

እትዬ ሙኒያ በመሐላቸው ጸኑ። ከካቢኔው ሥር ያስቀመጡትን ሻንጣ ሊያነሡ ጎንበስ አሉ፤ በቁጣ ቀና ሲሉም ግንባራቸው ከድንጋዩ ጋር ተገናኘ። ድምፁ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ሙኒያ ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ እጃቸውን አዩ፤ ደም የለም። ጠርዙን ዳሰሱ፤ ደግመው ዳሰሱ። ከዚያም ሻንጣውን አስቀመጡ።

ወይዘሮ ረይሃና ሆይ፣ ድንጋይን በፊደል የረታሽ፣ በገዛ ግንባርሽ የልጅሽን ግንባር የዋጀሽ፣ ስንት ናት ቢሉሽ ዛሬ ሦስት ናት ብለሽ የሦስተኛይቱንም ስም የምትነግሪ፣ ስምሽ እንደ ጠርዝሽ እንከን አይኑረው!

በዚያ ቀን ከዚያ ቤት የወጣው ሹሉ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ዱቄት ሆኖ በማዳበሪያ ከረጢት ወጣ። እትዬ ሙኒያ ቀሩ።