እልል እያልኩ ለቅሶ የገባሁበት የአርዲቦ አዲስ መንገድ

ጀመዓ፣ ዛሬ የሠራሁትን ሌላ ሰው ሠርቶት ብሰማ «ይህቺን ሴትዮ ከቤት አታስወጧት» እል ነበር።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ!

አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ። የሐይቅ ከተማ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈ፤ የልጅ ልጅ ግን አድርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። የልጅ ልጄ ሀያት ከሳውዲ ስትመለስ ሰው ሁሉ ወርቅ ትገዛለች ሲል ሞተር ገዛች። ጠዋት ጠዋት ከአርዲቦ ሐይቅ ዓሣ ወደ ከተማ ታመላልስበታለች። ከሰዓት ሥራው ሲቀዘቅዝ እኔን ከኋላ ትጭናለች።

እሷ ትነዳለች፣ እኔ መንገድ እመርጣለሁ። በዚህ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ!

ጥሩ የሞተር መንገድ የቱ ነው እያላችሁ በኮመንት ትጠይቁኛላችሁ። አስፋልቱን ተዉት። ከባድ መኪናው አቧራውን ያጠጣችኋል እንጂ አገር አያሳያችሁም። ጥሩ መንገድ ጥላ አለው፣ ውሃ ያሳያል፣ ከመንገደኛ ጋር ሰላም ለመባባል ፋታ ይሰጣል። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደው ያምራል፤ ግን መጨረሻው በእግር ነው፣ መነኮሳቱን በሞተር መረበሽም ነውር ነው። ወደ ውጫሌ የሚወስደው የአምባሰልን ተራራ ያሳያል፤ ንፋሱ ግን ሻሽ ይቀማል። ሁለት ሻሽ ወስዶብኛል።

ከሁሉም የአርዲቦው ይበልጣል።

ይህ መንገድ ግን ሊዘጋብን ነበር። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። በጦርነቱ ጊዜ ሞተር እየጮኸ ከመጣ ወይ ታጣቂ ነው ወይ መርዶ። ጦርነቱ ካለፈም በኋላ ድምፁን ስንሰማ ልባችን ይደነግጣል። ታዲያ አንድ ሞተረኛ በለቅሶ ቤት ደጅ እየጮኸ ሲያልፍ፣ የአርዲቦ ሽማግሌዎች «ከእንግዲህ ሞተር በዚህ አይለፍ» አሉ።

ማን ተነሥቶ ተከራከረ? እኔ!

በበቅሎ ዘመን ሰው ለቅሶ ቤት ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ፣ እየሳበ ያልፍ ነበር። ሞተርም የዛሬ በቅሎ ነው፤ አጥፍቶት፣ ወርዶ፣ እየገፋ ይለፍ አልኩ። ሕጉን የጣሰ ወደመጣበት ተመልሶ፣ በሰው ፊት እየገፋ ይለፍና አፉ በሉኝ ይበል። አልገፋም ያለ የተገኘ ቀን መንገዱ ለሁሉም ይዘጋ። ትልቅ ትንሽ፣ የእገሌ ዘመድ የሚባል ነገር የለም!

የሽማግሌዎቹ ዋና ሸህ ይማም «አሚን» አሉ። ሕጉ ጸደቀ። ሀያትና እንደሷ ያሉ ልጆች እንጀራቸውን አላጡም።

አሁን ወደ ዛሬው ውርደት እንምጣ።

ከማሽላው ማሳ ጀርባ ወደ አርዲቦ የምታደርስ አንዲት መንገድ እንዳለች ስጠረጥር ከርሜያለሁ። ዛሬ በዚያ እንሂድ አልኩ።

«እማዬ፣ ይሄኮ የአህያ መንገድ ነው» አለች ሀያት።

«አህያ የቻለውን ሞተርሽ ካቃተው ሽጪውና አህያ ግዢ።»

ገባን። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ መንገድ አይቼ አላውቅም! ማሽላው ከግራ ከቀኝ ጉልበታችንን እየዳሰሰ ያሳልፈናል። መሬቱ ለስላሳ፣ ጥላው ቀዝቃዛ። ስልኬን አውጥቼ ላይቭ ገባሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ማሽላው አለቀና አርዲቦ ከነሙሉ ውሃው ፊታችን ተዘረጋ።

ምን ላድርግ? እልል አልኩ!

እልልታው አልበቃኝ ብሎ ሀያትን «ክላክሱንም አድርጊው» አልኳት። አደረገችው። እኔ እልል፣ ሞተሩ ጲጵ፣ እንዲህ እያልን መታጠፊያውን ዞርን።

ከመታጠፊያው በታች ዋርካ አለ። ከዋርካው ሥር ጋቢ የለበሱ ወንዶች ተቀምጠዋል። ከጎን ቤት ውስጥ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል።

ተእዚያ ነው እልል እያልን የገባነው።

ላይቩ ላይ ከነበራችሁት አንዱ በዚያች ሰዓት «ሠርግ ነው እንዴ?» ብሎ ጽፏል። አላህ ይይልህ!

የዘይነባ ባል ነው የሞተው። ጠዋት በአልጋው ላይ ሞቶ፣ ቀብረውት መመለሳቸው ነው፤ መርዶው ገና ከተማ አልደረሰም። ዘይነባን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ቅር አይለኝም ነበር።

ሀያት ሞተሩን አጠፋች። ኋላ ሸህ ይማም ተነሡ።

«እታለሜ፣ እርስዎ እናታችን ነዎት። ሳያውቁ ነው። ይለፉ፣ አይገፉም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች ግን ማጉረምረም ጀመሩ። እሷ ካልገፋች ማንም አይገፋም፣ ሕጉ ፈርሷል፣ መንገዱ ይዘጋ ይላሉ። ሀያትን አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። በእኔ አፍ የእሷ እንጀራ ሊዘጋ ነው።

ደግሞ ጎረምሶቹ እውነታቸውን ነው! እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

«ሸህ ይማም» አልኩ፣ «ያን ቀን ትልቅ ትንሽ የለም ስል አሚን ብለዋል። ዛሬ ትልቅ ሆኜ ተገኘሁ? እገፋለሁ።»

ሀያት እኔ ልግፋላት አለች። እልል ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ ብዬ አስቀመጥኳት።

ጀመዓ፣ ሞተር ሲቀመጡበት ቀላል ነው። ሲገፉት ግን ያረጀ በሬ ነው! እስከ መታጠፊያው ዳገት ነው። ጫማዬ አዳለጠኝ። ቀሚሴን ፔዳሉ ያዘው። ሞተሩ ወደ እኔ ዘመመ፣ እኔ ወደ ማሽላው ዘመምኩ፣ ከዚያ ቁጭ!

ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። ያልሳቀ ዋርካው ብቻ ነው።

ተነሥቼ እንደገና ስይዘው ከኋላ ቀለለኝ። ዞር ብል ዘይነባ ናት፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወጥታ ትገፋለች።

«ዘይነባ ተይ፣ ቅጣቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«ተዪኝ እታለሜ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ጉልበቴ ደነዘዘ። እሱስ ቢያይሽ ኖሮ ዛሬ በሳቅ ይሞት ነበር።»

ይህን ብላ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔም አለቀስኩ። ሁለት ሴቶች አንድ ሞተር ይዘን እያለቀስን መታጠፊያው ላይ ወጣን። እሷ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች፤ ቁልቁለቱን እኔ ብቻዬን፣ እግሬን እየጎተትኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት ገፍቼ አለፍኩ።

አፉ በሉኝ አልኩ። አፉ ብለናል አሉ። አንድ ጎረምሳ ባለሐዘን ስለረዳቻት አይቆጠርም ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሸህ ይማም በዓይናቸው ዘጉት። ከዚያ ዱዓ ተደረገ፣ እኔም ከሴቶቹ መሃል ገብቼ ወጉን አደረስኩ።

መንገዱ አልተዘጋም! ነገ ሀያት ዓሣዋን በዚያው ታመጣለች።

ስንወጣ ሸህ ይማም ሞተሩ ድረስ ሸኙን። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «እታለሜ፣ ያ ከማሽላው ጀርባ የመጣችሁበት መንገድ፣ መነሻው በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው እንጂ! መንገድ የአላህ ነው፣ አይደበቅም። ለእናንተም እነግራችኋለሁ፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርሱ ግን ሞተሩን አጥፉና ጆሮ ስጡ።

ይኸው አሁን ጉልበቴ አብጦ ተኝቻለሁ። ሀያት በቅቤ እያሸችኝ ትስቃለች፤ ዛሬ ያለቀሰውም ሳይቀር ያልሳቀብኝ የለም። ግን ወላሂ በራሴ ኮርቻለሁ። ያወጣሁት ሕግ በእኔ ላይ ሠራ፤ የሚሠራ ሕግ አውጥቻለሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ሞተሩስ ፍሬን አለው፤ ለአፍ የሚገጠም ፍሬን የሚሠራ መካኒክ የምታውቁ አላችሁ?