የቤታችን ኢንተርኔት የማን ልጅ ነው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የሀገራችን ሰው። እኛ ፔታህ ቲክቫ ያለን ጎንደሬ ቤተ እስራኤሎች ይህን ተረት ከልብሳችን አስቀድመን ጠቅልለን ያመጣነው ይመስለኛል። በር ሲንኳኳ "ማነው?" እንላለን፣ መልሱን ሰምተን በቀዳዳው እናያለን፣ ካየን በኋላም እንደገና "ማነው?" እንላለን። እናቴ ሱቅ ውስጥ "አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ" የሚል ጽሑፍ ካየች ሁለቱንም ትታ ትወጣለች። "በነጻ የሚሰጥሽ ሰው ሌላ ነገር ሊወስድብሽ ነው" ትላለች። እኔ እንግዲህ የዚህች ሴት ልጅ ነኝ። አትፍረዱብኝ።

አንደኛ ደረጃን ገና መጨረሴ ነው። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ "አለሁ" የምለው እጄን አውጥቼ ነው። ኮምፒውተርን የወደድኩትም ድምፅ ስለማይጠይቀኝ ይሆናል። ሰፈራችን ባለው ማትናስ፣ ልጆች ከትምህርት በኋላ በሚሰበሰቡበት ቤት ማለቴ ነው፣ የኮምፒውተር ትምህርት ገባሁ። መምህራችን ኦሌግ ሊኑክስ የተጫነባቸው አሮጌ ላፕቶፖች አከፋፈለን።

ሊኑክስን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንድ ፕሮግራም፣ በእነሱ ቋንቋ ፓኬጅ፣ ስትፈልጉ ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ስሙን ትጽፋላችሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሩቅ አገር ያለውን ማከማቻ "ይህ ፓኬጅ አለህ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ካለ ያመጣላችኋል። ያውም ያለ ክፍያ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ላፕቶፑን በሁለት ጣቷ ይዛ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

ሐሙስ ዕለት ኦሌግ እንዲህ አለን፤ "ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሰውን ፓኬጅ ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁ ጫኑ። ሰኞ ጭኖ የመጣ ሮቦት ቡድን ይገባል። ያልጫነ ከትናንሾቹ ጋር ከመጀመሪያው ይጀምራል።" ትናንሾቹ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እኔ ደግሞ ቁመቴ ረጅም ነው።

ዓርብ ጠዋት ተቀምጬ የፓኬጁን ስም ጻፍኩ። "አላገኘሁትም" አለኝ። ስሙን ፊደል በፊደል እያየሁ ደግሜ ጻፍኩ። አላገኘሁትም። ስሞክር መሸና ሰንበት ገባ፣ ኮምፒውተሩም ተዘጋ። ሰንበት ኮምፒውተር መንካት ይከለክላል፤ መጠርጠርን ግን አይከለክልም።

ስለዚህ ቅዳሜን ሙሉ ጠረጠርኩ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ከታች ያለችውን ጎረቤታችንን ነው፤ ሁልጊዜ ግድግዳው አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን ስለምታይ ኢንተርኔታችንን እየጠጣችው መሰለኝ። ቀጥዬ ወደ ኦሌግ ዞርኩ። የሌሎቹ ልጆች ላፕቶፕ ክዳኑ ደህና ነው፤ የእኔ የተሰነጠቀ ነው። ከተማሪዎቹ ውስጥ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ብለሽ አስቢ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዳንድ ነገር ሳይማሩት ይታወቃል።

እሁድ፣ እዚህ አገር የትምህርት ቀን ነው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የሱቁ ኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። ያንኑ ጥያቄ ጻፍኩ። መልሱ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ! ፓኬጁ አለ፣ ደህና ነው፣ ላምጣልሽ ወይ አለኝ። "አዎ" ብዬ ሳልጨርስ የአሮጌው ላፕቶፕ ባትሪ አለቀና ጠፋ። ቢሆንም አንድ ነገር ተረዳሁ። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፣ ኦሌግም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ያለው እኛ ቤት ነው።

ቤት ገብቼ እንደገና ሞከርኩ፤ አሁን ግን ጽሑፉን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። እስከዚያ ድረስ ሳነብ የነበረው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር፤ እናንተም እንደዚያ እንደምታደርጉ እርግጠኛ ነኝ። ከላይ ያለው መስመር ግን "ለዚህ ሰርቨር የመሰከረለትን አላውቀውም" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሩቅ ካለ ሰርቨር፣ ማለትም ማከማቻውን ከያዘው ኮምፒውተር ጋር ሲነጋገር እንደ ጎንደር ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል። እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው፣ እሱም "አንተ የማን ነህ? እሱስ የማን ነው?" እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የሚያውቀው ስም ላይ ከደረሰ በሰደር፣ እሺ ማለት ነው፣ ያሳልፈዋል። ካልደረሰ በሩን ይዘጋል። እኛ ቤት የሚመልስለት ድምፅ "እኔ ማከማቻው ነኝ" ይላል፤ አባቱ ሲጠየቅ ግን የማይታወቅ ስም ይጠራል። ማለትም አንድ ሰው መሀል ቆሞ ጥያቄያችንን እየከፈተ ያነባል! ፀጉሬ ቆመ። ስሙን ስመለከተው የሲኑን ድርጅት ነው፤ መጥፎ ነገር እንዳይገባ ለሃይማኖተኛ ቤቶች ኢንተርኔት የሚያጣራ።

አባቴ ሰጉላ ካለው ፋብሪካ፣ ከሥራው፣ ገብቶ ምሳውን ይበላ ነበር።

"አባ፣ ቤታችን ሲኑን አስገብተሃል እንዴ?"

ጉርሻው አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ኮምፒውተሩ።"

"አየሽ!" አለ ወደ እናቴ ዞሮ። "ወሬኛ ነው ብዬሽ አልነበረም?"

"ሰላይ ያስገባኸው አንተ፣ ወሬኛው እሱ!" አለች እናቴ ከዕቃ ማጠቢያው። "ንገራት እንጂ።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጸሎት ቤት ያሉት ሰዎች ሁሉ አስገብተዋል። አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ። የሚለፈልፍ ልጅ ያሰበው ይታወቃል። ዝም ያለ ልጅ ግን... ማን ያውቃል?"

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ጎርጉሬ አባቴን አወጣሁ። ጎረቤት ስጠረጥር፣ መምህር ስጠረጥር፣ ለካ እዚሁ ቤት የምጠረጠረው እኔ ነኝ።

"ነገ ሳልጭን ከሄድኩ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ነው የሚያስቀምጡኝ" አልኩት። ለእኔ ይህ ንግግር ነው።

አባቴ እጁን ታጥቦ ወደ ድርጅቱ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ የማከማቻውን አድራሻ ተቀበለችና "የሚጠቀምበት ማነው?" አለች።

"ልጄ።"

"ከከፈትነው በኋላ እኛ አናየውም። ኃላፊነቱን አንተ ትወስዳለህ?"

አባቴ አየኝ። ኮምፒውተሩን አየ። እንደገና እኔን አየ። እናቴ ውሃውን ዘጋችው። ሩቅ አገር ያለው ሰርቨር እንኳ እንዲህ አስጠብቆኝ አያውቅም።

"እወስዳለሁ" አለ በመጨረሻ። "ልጄን አውቃታለሁ።"

ልቤ ቅቤ ሆነ። አባቴ ግን ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ግን እመቤቴ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ክፈቱት። እናያለን።"

ፓኬጁ አባቴ ወደ ምሳው ተመልሶ ሳይጨርስ ወረደ። ሰኞ ሮቦት ቡድን ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ቁመቴንም ማንም አላየብኝ። ሳምንቱ ሲያልቅ ይራዘም ወይስ ይዘጋ፣ አባቴ እያሰበበት ነው። አልተቀየምኩትም። እኛ ቤት እኮ እናቴ እንኳ አባቴን የምታምነው ከሰንበት እስከ ሰንበት ነው፤ ይኸው በየሳምንቱ እያደሰችለት ስንት ልጅ አሳደጉ።